ከላይ የገባ ውሃ፦ ሐዋሳ ላይ አንድ ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ የታየውና ያልታየው ጉዳት

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሲሠራ የቆየ አንድ የፋይበርግላስ ጀልባ ሊገዙ ተነሡ። ዓላማቸው ጎብኚዎችን ከአሞራ ገደል አሳፍረው ጉማሬ ወደሚታይበት ዳርቻ ማድረስና መመለስ ነበር። ጀልባው ሁለት ጊዜ ተመረመረ። የመጀመሪያው ምርመራ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ጤነኛውን ሞተር «ደክሟል» አለ፣ የበሰበሰውን ቦዲ «ድንጋይ ነው» አለ። ሁለተኛው አራት ቀን ወስዶ ሁለቱንም ፍርድ ገለበጠ። ከዚህ በታች የተጻፈው በአርባ ደቂቃውና በአራቱ ቀን መካከል ምን እንደተለየ፣ ከዚያም ጥገናው የት ተሳክቶ የት እንደተበላሸ ነው።

ጀልባው

ርዝመቱ 5.8 ሜትር፣ ወርዱ 2.1 ሜትር ነው። ሞተሩ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈችው የፋብሪካ ሰሌዳ ቦዲው ያለ ሞተር 480 ኪሎ እንደሚመዝንና 7 ሰው እንደሚጭን ትናገራለች። ሻጩ «12 ሰው ይችላል» ይሉ ነበር፤ ሲጭኑም ኖረዋል።

የፋይበርግላስ ጀልባ ሲባል ብዙ ሰው ከላይ እስከ ታች ፋይበር ብቻ ይመስለዋል። የዚህ ዓይነቱ ጀልባ ጥንካሬ ግን ውስጡ በተቀበረው እንጨት ላይ ያረፈ ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፖንሳቶ ተጣብቆ ከውጭም ከውስጥም በፋይበር የተሸፈነ ነው። ከወለሉ ስር ከኋላ ወደ ፊት የሚሄዱ ሦስት የእንጨት ወራጆች አሉ፤ እነሱም በፋይበር ተጠቅልለዋል። ወለሉ ራሱ ባለ 12 ሚሊሜትር ኮምፖንሳቶ ነው። በወራጆቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንኳ እንዳይሰጥም በፎም ተሞልቷል። እንግዲህ ፋይበሩ አንድም ጭረት ሳይኖርበት እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ሊያልቅ ይችላል።

ጀልባው መጀመሪያ የተሠራው ለቤተሰብ መዝናኛ ነው። ሻጩ ወደ ማመላለሻ ሲቀይሩት ለጥላ የሚሆን ባለ ስድስት እግር የብረት ጣራ አቆሙበት፣ አራት አግዳሚ ወንበርም አሰሩበት። የጣራው እያንዳንዱ እግር በ4 ብሎን፣ እያንዳንዱ ወንበር በ8 ብሎን ተይዟል። ሲደመር 56 ቀዳዳ ይሆናል። ኋላ ሲፈታ እንደታየው በአንዱም ቀዳዳ ውስጥ ማሸጊያ አልገባም።

የመጀመሪያው ምርመራ

ደላላው፣ አንድ የሞተር መካኒክና ከገዢዎቹ ሁለቱ ሆነው ጀልባውን ውሃ ላይ እንዳለ አዩት። ቀለሙ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። ውስጡ ደረቅ ነው። ባለቤቱ ጀልባው ሌሊቱን ውሃ ላይ አድሮ ጠብታ እንዳላስገባ ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነበር። ጎኑን በቡጢ መቱት፣ ጠንካራ ነው ተባለ። ከኋለኛው ወንበር አጠገብ ወለሉ ሲረገጥ ትንሽ ይሰምጥ ነበር፤ ይህንንም ያነጠፉት የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው ብለው አለፉት። በዚያ ቀን ከታዩት ምልክቶች ሁሉ ከባዱ ይኸው ነበር።

የቀረው ጊዜ በሙሉ ለሞተሩ ዋለ። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ለካ፤ አንዱ ሲሊንደር 92፣ ሌላው 95 ፒ.ኤስ.አይ ሆነ። ደህና ሞተር 120 አካባቢ እንደሚያነብ ከልምዱ ስለሚያውቅ «ፒስተኑ አልቋል» አለ። ሙከራው ላይም ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ቶሎ ሳይነሣ፣ ማለትም በውሃው ገጽ ላይ በፍጥነት ለመንሸራተት ሳይደርስ ቆየ። ሁለቱ ነገሮች ገጠሙለት፤ በሞተሩ ሰበብ ከተጠየቀው 780,000 ብር 40,000 እንዲቀነስ ድርድር ተጀመረ።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

ክፍያው ሊፈጸም ሦስት ቀን ሲቀረው ጀልባው ዳር ላይ አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ተጎትቶ ነበር። ከገዢዎቹ አንዱ ከኋላ ግድግዳው በታችኛው ጠርዝ ካለች አንዲት የብሎን ቀዳዳ ውሃ ሲንጠባጠብ አየ። ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በላይ ሆኖታል፤ የጀልባው ሆድም ደረቅ ነው። ጠብታው ከሦስት ሰዓት በኋላም አልቆመም፤ መልኩ እንደ ቀጠነ ሻይ ቡናማ ነበር። ፋይበር ውሃ አያቀልምም። ቡናማው ቀለም የሚወጣው ከእንጨት ነው።

ገዢዎቹ ሁለተኛ ምርመራ ጠየቁ። ሻጩ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢላቸውም ሁለት ምስክር ባለበት አጭር ወረቀት ተጻፈ፦ ገዢዎቹ ባይገዙ የቀዷቸውን ቀዳዳዎች በሙሉ በሬዚን (ፋይበሩን በሚያጠጥረው ፈሳሽ ሙጫ) ይደፍናሉ፣ ለድካም 5,000 ብር ይከፍላሉ። ይህች ወረቀት ባትኖር ከዚህ በታች ካለው ግማሹ አይሠራም ነበር።

ሁለተኛው ምርመራ፣ አራቱ ቀን

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሞተሩ ሳይወርድ ተጀመረ። ሞተሩ ወደ ላይ ዘንበል ተደርጎ እያለ አንድ ሰው የታችኛውን ጫፉን በእጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋው፤ ሌላው የኋላ ግድግዳውን የላይ ጠርዝ በማስመሪያ ተመለከተ። ጤነኛ ግድግዳ ለዓይን በሚታይ መጠን መነቃነቅ የለበትም። ይኼኛው 9 ሚሊሜትር ሄደ። የሞተሩ ማሰሪያ ብሎኖች ራንዴላዎችም ወደ ፋይበሩ ሰምጠው ነበር፤ በራንዴላው ዙሪያ ፋይበሩ ሲጎደጉድ ከኋላው የሚደግፈው እንጨት ለስልሷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም። በመጀመሪያው ምርመራ አለመደረጉ ያስቆጫል።

ከዚያ ጀልባው በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እየተንከባለለ ወጣ። ሞተሩ፣ ጣራው፣ ወንበሮቹ፣ ምንጣፉ ሁሉ ተነሡ። ባዶውን ቦዲ አይሱዙ ላይ ጭነው የመኪና ሚዛን ላይ አወጡት። የመጀመሪያው ሚዛን ከንቱ ሆነ፤ የነዳጅ ጀሪካንና ሁለት መልሕቅ ውስጡ ተረስተው ነበር። ሲደገም መኪናው ባዶውን 3,140፣ ከነጀልባው 3,920 ኪሎ ሆነ። ልዩነቱ 780 ነው። ያልተነቀሉት የጣራው እግር ማቀፊያዎችና የብረት መደገፊያዎች ኋላ ተፈትተው በእህል ሚዛን 85 ኪሎ ሆኑ፤ ሲቀነሱ 695 ይቀራል። ሰሌዳው 480 ይላል። ትርፉ 215 ኪሎ ነው። ሚዛኑ በ20 ኪሎ እርከን ስለሚያነብ እስከ 40 ኪሎ ስሕተት ተያዘለት፤ ለተደራረበ ቀለምና ለአሮጌ ጥገና ደግሞ 30 ኪሎ ተተወለት። ቢያንስ 145 ኪሎ ውሃ የሆነ ቦታ ተቀምጧል፤ ሁለት ጎልማሳ ሰው በየጉዞው በነፃ እየተሳፈረ ነበር እንደማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ቦዲው በመዶሻ ተፈተሸ። የኋላ ግድግዳውና ወለሉ ላይ በጠመኔ 10 በ10 ሴንቲሜትር መስመር ተሰመረ፤ እያንዳንዱ ሳጥን በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ተመታ። ከበስተጀርባው ጤነኛ እንጨት ያለው ፋይበር «ኳ» ብሎ ይመልሳል፣ መዶሻውም ይነጥራል። የራሰ ወይም የተላቀቀው «ድፍ» ይላል፣ መዶሻው እዚያው ይሞታል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፤ ፎም ያለበት ቦታ ጤነኛ ሆኖም «ድፍ» ይላል፣ ከወራጅ በላይ ያለው ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጠንከር ያለ ድምፅ አለው። ስለዚህ የሚነጻጸረው ጎን ለጎን ያለው ሳጥን አይደለም፤ የግራው ከቀኙ ትይዩ ጋር ነው። በዚህ ጀልባ ከግድግዳው የታችኛው ሲሶ በሙሉ፣ ከወለሉም በኋለኞቹ ሁለት ወንበሮች ስር ያለው «ድፍ» አለ። ጠዋት በጤዛ የተደረገው ምታት ግን ተሰርዞ ከሰዓት በኋላ ተደገመ፤ እርጥብ ገጽ ድምፁን ያደበዝዘዋል።

ሦስተኛው ቀን በውድቀት ጀመረ። ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት የተዋሱት የእንጨት እርጥበት መለኪያ የትም ቢያስጠጉት «እርጥብ» ይላል፤ ደረቅ መሆኑ የተረጋገጠው አፍንጫው ላይ ሳይቀር። ምክንያቱ የታችኛው ቀለም ነበር። የብረት ዱቄት ያለበት ቀለም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መለኪያውን ያታልለዋል። ቀለሙ ተፍቆ ፋይበሩ ብዙ ቀን ካልደረቀ ይህ መሣሪያ ቢቀር ይሻላል።

ስለዚህ ድሪል ተያዘ። ባለ 6 ሚሊሜትር መብሻ ተመርጦ ከጫፉ 25 ሚሊሜትር ላይ ፕላስተር ተጠቀለለበት፤ ከውስጥ በኩል ሲበሳ የውስጡን ፋይበር አልፎ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ የውጩን ፋይበር ግን አይነካም። ከውጭ መብሳት ማለት ከውሃ ወለል በታች ቀዳዳ መሥራት ነው፤ አይደረግም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ግድግዳው ላይ ከፍ ብለው ተበሱና ነጣ ያለ፣ የተጠቀለለ፣ ደረቅ ፍቅፋቂ ወጣ። ደላላው ፊቱ በራ። ሦስተኛው ከታች ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሲበሳ መብሻው ያለ ምንም ግፊት ገባ፤ ተከትሎ የወጣው ጥቁር፣ እንደ ቡና አተላ የረጠበ፣ የሻገተ ገለባ የሚሸት ነገር ነው። ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ የበሳ ሰው ደረቅ እንጨት አግኝቶ ተደስቶ ይሄዳል። በጠቅላላው ዘጠኝ ቀዳዳ ተበሳ፣ አምስት ግድግዳው ላይ፣ አራት ወራጆቹ ላይ። ከየቀዳዳው የወጣው ፍቅፋቂ በነጭ ወረቀት ላይ በቁጥር ተደረደረ። ሦስቱ ደረቅ፣ ስድስቱ የበሰበሰ። ኋላ በድርድሩ ላይ ከማንኛውም ንግግር በላይ የሠራው ይህ ወረቀት ነው።

አራተኛው ቀን ለቀረው ዋለ። ከታች ሻጩ በግልጽ «ጉማሬ መትቶት አስጠግኛለሁ» ያሉት የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ጥገና ነበር። ሁሉም የፈራው እሱን ነው። ሲፈተሽ ከጀልባው ሁሉ ጤነኛው ቦታ ሆኖ ተገኘ፤ ከውስጥም ከውጭም ተደራርቦ፣ ጠርዙ ወደ ጎን በሰፊው ሳስቶ የተሠራ ነው። ከውሃ ወለል በታች ምስር የሚያክሉ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ታዩ፤ ሁለቱ በመርፌ ሲወጉ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ። ይህ ውሃ በጄልኮቱ፣ ማለትም በፋይበሩ የውጭ ልባስ፣ ሰርጎ ከሬዚኑ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው፤ ጨው በሌለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከባሕር ይልቅ ይፋጠናል። ብዛታቸው ከሠላሳ አይበልጥም ነበር፣ ጥልቀትም አልነበራቸውም። ተመዝግበው ታለፉ።

ሞተሩ በምን ተወቀሰ

ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 1,690 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 82 በመቶ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው የሳሳ አየር ስለሆነ ባሕር ዳር 120 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 98 አካባቢ ያነባል። 92 እና 95 ማለት በባሕር ጠለል ሂሳብ ከ110 በላይ ነው። ከቁጥሩ መጠን በላይ የሚታየው ደግሞ የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ ካልበለጠ ችግር የለም፣ እዚህ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ሲለካ ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ ሁለቱም ካንዴላ የተፈታ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ የተከፈተ መሆን አለበት፤ በመጀመሪያው ልኬት መስጫው ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ የሚያስታውስ አልተገኘም።

የማርሽ ዘይቱ የታችኛዋ ብሎን ላላ ተደርጋ ታየ። ወተት የመሰለ ቢሆን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር፤ ጥቁርና ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ታዲያ ጀልባው ለምን ቶሎ አልተነሣም? እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 40 የተባለው እዚህ ወደ 33 ይወርዳል። በዚያ ላይ የማይታይ 145 ኪሎና ከሰሌዳው በላይ የሚጫን ሰው አለ። ሙሉ መስጫ ላይ በደቂቃ 4,300 ዙር ተለካ፤ የአምራቹ ወሰን ከ4,500 ይጀምራል። ፕሮፔለሩ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ባለ 13 ኢንች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) ነበር። መካኒኩ ሥራውን አልበደለም፤ የያዘው ቁጥር ግን የሌላ ቦታ ቁጥር ነበር።

ብስባሹ እንዴት ገባ

ሁሉም ሰው የጀልባ ጠላት ከስር ያለው ውሃ ይመስለዋል። እዚህ ከስር ጠብታ አልገባም። የገባው ከላይ ነው፤ የሐዋሳ ክረምት ዝናብ በጣራው እግር ላይ እየወረደ፣ ማሸጊያ በሌለው ብሎን ዙሪያ እየሰረገ፣ ወደ ኮምፖንሳቶው። መንገደኛ ከጫማው የሚያራግፈው ውሃም በወንበሮቹ ብሎን ወደ ወራጆቹ ወረደ። ውስጥ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፤ ፋይበሩ ውሃ እንዳይገባ እንደከለከለ ሁሉ እንዳይወጣም ይከለክላል።

የባሕር ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያዘገየዋል። የሐይቅና የዝናብ ውሃ ይህ መከላከያ የለውም። ስለዚህ ከባሕር ዳር የመጣ ምክር ብረቱን ፈትሹ ሲል ትክክል ነው፤ ለሐዋሳ ግን ብረቱ ያን ያህል አይጎዳም፣ እንጨቱ ነው የሚያልቀው።

ድርድሩና ጥገናው

ሻጩ ፍቅፋቂው የተደረደረበትን ወረቀት ሲያዩ ለጊዜው ዝም አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎም አላወቁም» ብሎ የጀመረው ከገዢዎቹ ታናሹ ነበር፤ እውነትም ይመስላል። ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ገዢዎቹ ራሳቸው ስለተናገሩ ስለ ቦዲው የተናገሩት ታመነላቸው። ዋጋው 610,000 ብር ላይ ቆመ። ጥገናው 90,000 ብርና ሦስት ሳምንት ተገምቶ ነበር፤ 148,000 ብርና ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። ሲደመር 758,000 ነው፤ ርካሽ ግዢ አልነበረም፣ ምን እንደተገዛ የታወቀ ግዢ ነበር።

ወለሉ ከመቆረጡ በፊት ቦዲው በሦስት ቦታ በተስተካከለ ድጋፍ ላይ ተቀመጠ፤ ወለል የሌለው ቦዲ ይጠማዘዛል፣ ተጠማዝዞ ከደረቀ በኋላ አይመለስም። ወለሉ በግራይንደር ሲቆረጥ በዙሪያው 7 ሴንቲሜትር ጠርዝ ተተወ፣ አዲሱ እንዲያርፍበት። ፎሙ በአካፋ ወጣ። 20 ሴንቲሜትር በየጎኑ የሆነ አንድ ቁራጭ 4 ኪሎ መዘነ፤ ደረቅ ቢሆን 300 ግራም አይሞላም። የኋላ ግድግዳው የተሠራው ከውስጥ ነው፤ የውስጡ ፋይበር ተነሥቶ የበሰበሰው እንጨት በመሮ ወጣ፣ የውጩ ፋይበር ቅርፁን እንደያዘ ቀረ።

ኮምፖንሳቶ ሁሉ አንድ አይደለም። ከገበያ ሁለት ዓይነት ተገዝቶ ከየአንዱ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ከሰል ላይ ለአራት ሰዓት ተቀቀለ። አንዱ እንደ መጽሐፍ ተገላለጠ፣ ሌላው እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ተወሰደ። ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር ተጣብቆ በተወፈረ ሬዚን ላይ ተጫነ፤ አየር እንዲወጣ ባለ 3 ሚሊሜትር ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበሱበት፤ ማዕዘኖቹ በተወፈረ ሬዚን 2 ሴንቲሜትር ያህል ክብ ተደረጉ፣ ፋይበር በስል ማዕዘን ላይ አይተኛምና። ከዚያ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት (የፋይበር ምንጣፍ) በአራት ድርብ፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ 3 ሴንቲሜትር እየሰፋ ቦዲው ላይ ተነጠፈ።

ሬዚኑን የሚያጠጥረው ሃርድነር ጠዋት 1.5 በመቶ፣ እኩለ ቀን ላይ 1 በመቶ ነበር። በጠባብ ጣሳ የተበጠበጠ ሬዚን ራሱን አሙቆ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል፤ በሰፊ ሳፋ ሲሆን ይረጋጋል። ሃርድነር ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ሳይደረግ አይከፈትም።

ያልተሳካውም አለ። የወለሉ የመጀመሪያ ድርብ ከተሠራ በኋላ ሥራው በገንዘብ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ቆመ። ሬዚኑ ሰም ያለበት ዓይነት ነበር፤ ሲደርቅ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል። ሠራተኞቹ ሳይፍቁ ሁለተኛውን ድርብ ደረቡበት፤ በሳምንቱ እንደ እንጀራ ተነሣ። 11 ኪሎ ሬዚን ባከነ። በባለ 80 የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በአሴቶን ተጠርጎ እንደገና ተሠራ። የወራጆቹ መድረቂያ ጊዜም በግማሽ ተሳስቶ ተገምቶ ነበር።

ፎሙ አልተመለሰም። በምትኩ በደንብ የተዘጉ ባዶ ጀሪካኖች፣ በጠቅላላው ከ180 ሊትር በላይ፣ ከወለሉ ስር ታሰሩ፤ ውሃ ቢገባ በመካከላቸው ወደ ኋላ ወርዶ በማፍሰሻ ቡሽ ይወጣል። በቂ መሆናቸው ዳር ላይ ደረት በሚደርስ ውሃ ተሞከረ፤ በሞተሩ ፈንታ ሦስት ባለ 25 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ተሰቅሎ ጀልባው እስከ አፉ ውሃ ተሞላ። ጠርዙ ከውሃው በላይ ሆኖ ቆመ። ፕሮፔለሩ በባለ 11 ኢንች ተቀይሮ ዙሩ 4,900 ደረሰ። የሚጫነው ሰው ወደ 7 ተመለሰ፤ ይህ በጥገናው ሳይሆን በሰሌዳው የተወሰነ ነው።

ሌላ ጀልባ ላይ የሚሠራው

ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው፦ ሞተሩን አነቃንቆ ግድግዳውን ማየት፣ ምንጣፍ አንሥቶ በተረከዝ መርገጥ፣ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ አሳድሮ የሚንጠባጠበውን ማየት፣ መመዘን፣ መምታት፣ በመጨረሻ መብሳት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምንም አያስወጡም፣ ብዙ መጥፎ ጀልባ ግን ያጋልጣሉ።

ኋላ የተጨመረ ነገር ሁሉ ይቆጠር። ጣራ፣ ወንበር፣ የዓሣ መያዣ፣ የመብራት እግር፤ እያንዳንዱ ብሎን በር ነው። ሸራ ያለው ጀልባ ቢሆን ቅድሚያ የሚታየው የምሰሶው እግር የቆመበትና ምሰሶውን የሚወጥሩት ሽቦዎች ከቦዲው ጋር የሚያያዙበት ቦታ ነበር፤ እዚያም ምክንያቱ ያው ነው፣ ከባድ ጭነት የሚሸከም ብሎን ባለፈበት ውሃ ይከተላል።

ብሎኑ ሲመለስ ቀዳዳው ወደ 10 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ በተወፈረ ሬዚን ይደፈናል፣ ሲደርቅ መካከሉ ላይ በቀጭን መብሻ ዳግም ይበሳል። ብሎኑ ሬዚን እንጂ እንጨት አይነካም። ማሸጊያ ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ፕላስቲክ ነው።

የተጠገነ ቦታ ከአዲስ ቀለም ያነሰ ያስፈራል። ሻጭ ያሳየው ጥገና ሊፈተሽ ይችላል፤ የሁለት ሳምንት ቀለም ግን የሸፈነውን አይናገርም። ከወንበር ስር ወይም ከሳጥን ውስጥ ያልተቀባ ቦታ ተፈልጎ የድሮው መልክ ይታይ።

ሳይዘጋ የቀረው

የፊተኛው ሳጥን ወለል አልተከፈተም። እዚያ ወራጁ ላይ የተበሳው ቀዳዳ ደረቅ ስለነበረ ለወጪ ሲባል ተተወ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ጀልባው ዳግም ሲመዘን ከጥገናው ማግስት በ20 ኪሎ ጨምሮ ነበር። ይህ የሚዛኑ አንድ እርከን ብቻ ስለሆነ ውሃም ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆንም ይችላል። የኋላ ግድግዳውን ዳግም በመምታትና ሞተሩን በማነቃነቅ ለውጥ አልታየም። ባለቤቶቹ በፊተኛው ሳጥን ዝቅተኛ ቦታ ላይ አንድ ባለ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሱ፤ ፍቅፋቂው ነጣ ያለ ቢሆንም ጫፉ ጫፉ ላይ ጠቆር ብሏል። በሬዚን ደፍነው ቦታውን በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ከዚያው አጠገብ ይበሳል።